ዳገት፣ ማርሽና ቤንዚን፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጎንደርና ከአካባቢዋ የተላኩ ናቸው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ በኮረብቶች ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ ለሜዳ አገር ተብለው የተጻፉ የአነዳድ ምክሮች እዚህ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ መታረም ያስፈልጋቸዋል፤ መልሶቹንም ያዘጋጀሁት ይህንኑ በማሰብ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በአብዛኛው ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ ይህን ሁሉ መንገድ አቆራርጦ የሚደርሰን በመሆኑ፣ በአነዳድ ጉድለት ብቻ የሚባክነው ሊትር ከልብ ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ የማሽከረክረው 1,300 ሲሲ ሞተር ያለው፣ ባለ አምስት ማርሽ የቤንዚን ቶዮታ ነው። መኖሪያዬ አዘዞ፣ ሥራዬ ፒያሳ በመሆኑ ጠዋት ጠዋት ዳገቱን እወጣለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከፍ ያለ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባልና በአራተኛ ተወጣው» ይለኛል። መኪናዬን የሚሠራልኝ መካኒክ ደግሞ «በአራተኛ ካስጨነቅኸው ሞተሩን ትጨርሰዋለህ፣ ነዳጅም ይበላል» ይላል። ማንኛቸውን ልስማ? (አንባቢ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚለያዩት አንዱ ስለ ሜዳው፣ ሌላው ስለ ዳገቱ ስለሚያስቡ ነው።

ባልደረባዎ የሚሉት ነገር መነሻው ይህ ነው። ሞተር በዞረ ቁጥር ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ፣ የዘይቱና የውኃው ፓምፕ ይዞራሉ፣ ቫልቮቹ ይከፈታሉ ይዘጋሉ፤ ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ጉልበት ጎማው ላይ ሳይደርስ የሚቀር ነው። በቤንዚን ሞተር ላይ ደግሞ ሌላ ኪሳራ ይጨመራል፤ ነዳጅ መስጫውን በትንሹ ብቻ ስንረግጥ አየር የሚያስገባው ክዳን ከሞላ ጎደል ዝግ ስለሚሆን፣ ሞተሩ በጠባብ ቀዳዳ አየር ለመሳብ ይታገላል። የአንድ አነስተኛ ቶዮታን የማርሽ ጥርሶች ይዘን ብናሰላው፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስንሄድ ሞተሩ በሦስተኛ ማርሽ በደቂቃ 2,900 ጊዜ፣ በአራተኛ 2,150 ጊዜ፣ በአምስተኛ ደግሞ 1,800 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በሦስቱም ማርሾች ፍጥነቱ አንድ ነው፣ ጎማው የሚጠይቀው ጉልበትም አንድ ነው፤ ሆኖም በሦስተኛ ስንሄድ በየደቂቃው ከ1,000 በላይ የሆነ ትርፍ ዙር ለፍትጊያ ብቻ ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ በአዘዞ ሜዳ ላይ መኪናው ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ሞተሩን በሦስተኛ እያስጮሁ መሄድ በከንቱ ማባከን ነው።

ዳገቱ ሲጀምር ግን ሁኔታው ይለወጣል። መኪናው ወደፊት መግፋት ብቻ ሳይሆን ክብደቱን ወደ ላይ ማንሳት አለበት፣ በዝቅተኛ ዙር ላይ ያለ ሞተር ደግሞ የሚያወጣው ጉልበት ትንሽ ነው። ጎንደር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ 80 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተመዘገበ ሞተር እዚህ ከ65 ብዙም አያልፍም። መተማ ቆላ ላይ በአራተኛ የሚወጣው ዳገት እዚህ ሦስተኛ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ የመኪናው ጥፋት አይደለም። በዚህ ሁኔታ በአራተኛ ሙጥኝ ብለው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ቢረግጡት፣ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይበላሻሉ። ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ፔዳሉ መጨረሻው አካባቢ ሲደርስ፣ ሞተሩ እንዳይግልና የቻለውን ሁሉ ጉልበት እንዲሰጥ ሲባል ከተለመደው በላይ ቤንዚን ይረጫል። ከዚህም ጋር ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ሞተሩ ማንኳኳት ስለሚጀምር፣ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገየዋል፤ እሳቱ ሲዘገይ ከእያንዳንዱ ጠብታ የሚገኘው ሥራ ያንሳል። መካኒክዎ «ነዳጅም ይበላል» ያሉት እንግዲህ በግምት አይደለም።

ወሰኑን በጆሮና በእግር ማወቅ ይቻላል። ሞተሩ ሲጨነቅ በመጀመሪያ የእግርዎ ሥር ወለል በዝግታ ይርዳል፣ የማርሹ ዘንግ መዳፍዎ ውስጥ ይርገበገባል፤ ቀጥሎ ፔዳሉን የበለጠ ቢረግጡትም መኪናው ምላሽ መስጠት ያቆማል፤ በመጨረሻም ከኮፈኑ ሥር ጠጠር በቆርቆሮ ላይ ሲበተን ዓይነት ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ወደ ሦስተኛ መመለስ የሚገባው ወለሉ መራድ ሲጀምር ነው፤ ድምፁ እስኪሰማ መጠበቅ አይገባም። ፔዳሉ ከሦስት አራተኛ በላይ ተረግጦ ፍጥነቱ እየወረደ ከሄደ፣ ያለ ማመንታት ማርሽ ይቀንሱ። ብዙ አሽከርካሪዎች ፍጥነቱ ከሞተ በኋላ ስለሚቀንሱ፣ በሦስተኛ ሊወጣ ይችል የነበረውን ዳገት በሁለተኛ እያጓሩ ለመጨረስ ይገደዳሉ፤ ከሁሉም በላይ ነዳጅ የሚበላው ይህ ነው። የዙር መለኪያ ካለዎት፣ በሜዳ ላይ ከ2,000 እስከ 2,500 ባለው መካከል ወደሚቀጥለው ማርሽ ማለፍ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ዙሩን ከ2,000 እስከ 3,000 ባለው መካከል ማቆየት ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ሞተር ተስማሚ ነው። የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር የተሻለ ጉልበት ስላለው፣ ከ1,500 እስከ 2,000 ላይ ሊቀየር ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በስሕተት ሲነገር ደጋግሜ እሰማለሁና። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ከቆሙበት ሲነሡ በቀንድ አውጣ ርምጃ መንቀርፈፍ አይጠቅምም። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ረጅም ጊዜ መቆየት ማለት መኪናው አነስተኛ መንገድ እየሄደ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ፔዳሉን እስከ ግማሽ፣ ቢበዛ እስከ ሁለት ሦስተኛ ረግጦ ቶሎ ቶሎ ማርሽ እየጨመሩ ወደሚፈለገው ፍጥነት መድረስ፣ ከደረሱም በኋላ እግርን አሳርፎ በአራተኛ ወይም በአምስተኛ መጓዝ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ አዲአርቃይ እመላለሳለሁ። መኪናዬ ኢንጀክሽን የቤንዚን ሞተር ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ስለሆነ ፎሌ አድርጌ (ከማርሽ አውጥቼ) እለቀዋለሁ፤ አንዳንድ ጓደኞቼ ቁልፉንም ይዘጋሉ። በዚህ የምናተርፈው ነዳጅ ምን ያህል ነው? (አሽከርካሪ፣ ከደባርቅ)

መልስ፦ ምንም አታተርፉም፤ እንዲያውም ትከስራላችሁ። ኢንጀክሽን መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሡ፣ ጎማው ራሱ ሞተሩን እያዞረው ስለሆነ ኮምፒውተሩ ቤንዚን መርጨቱን ፈጽሞ ያቆማል። መርጨት የሚጀምረው ዙሩ ወደ ሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ሲጠጋ ወይም እርስዎ ፔዳሉን ሲነኩ ነው። ፎሌ ሲያደርጉት ግን ጎማው ከሞተሩ ስለሚለያይ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ ቤንዚን እየተመገበ መቆየት ይኖርበታል፤ አንድ አነስተኛ ሞተር በሚኒሞ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይበላል። 20 ደቂቃ በሚፈጅ ቁልቁለት ላይ በፎሌ ሩብ ሊትር ገደማ ሊያልቅ ሲችል፣ በማርሽ የሚወርደው መኪና ከሞላ ጎደል ምንም አይበላም። የናፍጣ መኪናም ቢሆን፣ አሮጌው ባለ ፓምፕ ሳይቀር፣ ፔዳሉ ተለቅቆ ዙሩ ከሚኒሞ በላይ ሲሆን ናፍጣውን ያቆማል። ቁጠባው በእውነት የሚገኘው ከማርሽ ሳይወጡ በመውረድ ነው።

ከነዳጁ ይልቅ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረገው የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከነተሳፋሪው 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ 35 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ የሚወስዱት ድርሻ ቢኖርም፣ ዝግ ብሎ በሚኬድበት ጥምዝምዝ ላይ አብዛኛውን መሸከም ያለበት ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ነው። በፎሌ ሲወርዱ ሞተሩ ምንም አይሸከምም። የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የተቃጠለ ነገር ሽታ ይመጣል፣ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ በዚያን ጊዜ ፎሌ ላይ ያለ መኪና ፍጥነቱ ስለጨመረ ወደ ማርሽ መመለስ ከባድ ይሆናል። ቁልፉን የሚዘጉት ጓደኞችዎ ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘውን የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያጣሉ፣ የመሪው አጋዥም አብሮ ይጠፋል፤ ቁልፉ ከልክ በላይ ከዞረ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። እባክዎ ይህን ለጓደኞችዎ ይንገሩልኝ። በዚያ ገደል ላይ በራሳችሁ ብቻ ሳይሆን በተሳፋሪዎቻችሁ ነፍስ ላይ ነው የምትወስኑት።

ያንን ዳገት በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱት። በሁለተኛ የሚወጣ ከሆነ በሁለተኛ፣ በሦስተኛ የሚወጣ ከሆነ በሦስተኛ። ማርሹንም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያስገቡ። ሞተሩ 3,500 ዙር ላይ ሆኖ ቢያጓራ አይደንግጡ፤ በዚያ ሰዓት የሚያጓራው ያለ ቤንዚን ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼን የማሳድገው በአንዲት የቤንዚን ሚኒባስ ገቢ ነው። ሾፌሩ በከተማ ውስጥ ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ሲያስረክበኝ የነዳጁ ወጪ ከገቢው ጋር አይመጣጠንልኝም። እሱ «ዳገትና መቆም መነሣት ስለሚበዛ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ቤንዚኑን ይሸጥብኛል ብዬ መጠርጠር ጀምሬአለሁ። ልጁን ሳላጣራ መበደል አልፈልግም፤ ምን ላድርግ? (የሚኒባስ ባለንብረት እናት፣ ከማራኪ)

መልስ፦ እናታችን፣ ሳያጣሩ ላለመፍረድ መፈለግዎ እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ልጁም የሚናገረው ነገር ሊሆን የሚችል ነው። ከነተሳፋሪዎቿ 2,500 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ሚኒባስ ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እስክትደርስ ድረስ፣ ለመነሣቱ ብቻ ወደ 20 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ታጠፋለች። ቀጥሎ ተሳፋሪ «ወራጅ!» ሲል ፍሬን ይያዛል፤ ያ የተከፈለበት ፍጥነት ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህ በቀን መቶ ጊዜ ከተደጋገመ ወደ 2 ሊትር ይጠጋል፤ ታክሲ ደግሞ በቀን ከመቶ ጊዜ በላይ ሊቆም ይችላል። ከማራኪ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ ዳገቱ ይጨመርበታል።

ይሁን እንጂ በዚያው መንገድ፣ በዚያው መኪና፣ ተመሳሳይ ተሳፋሪ የሚያመላልሱ ሁለት ሾፌሮች የሚያጠፉት ነዳጅ በእጅጉ ሊለያይ ይችላል፤ ልዩነቱም በአብዛኛው ያለው እግራቸው ላይ ነው። አንደኛው ፊት ለፊቱ ባጃጅ ታጥፎ ሲገባ ወይም ረዳቱ መውረጃ መኖሩን ሲነግረው ወዲያው እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ፣ መኪናዋ በማርሽ ራሷ እየቀነሰች እንድትደርስ ያደርጋል፤ ፍሬን የሚይዘው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው። ሌላው ማቆሚያው እየታየው እስከ መጨረሻው ነዳጅ እየሰጠ ይሄድና በድንገት ይረግጣል። ሁለቱም የሚደርሱት በእኩል ሰዓት ነው ለማለት ይቻላል። ሁለተኛው የሚከፍለው ግን በቤንዚን ብቻ ሳይሆን በፍሬን ሸራ፣ በፍሪሲዮንና በጎማም ጭምር ነው። ስለዚህ ከረዳቱ ጋር መነጋገር ከሾፌሩ ጋር ከመነጋገር እኩል ይጠቅማል፤ ወራጅ መኖሩን ቀደም ብሎ የሚናገር ረዳት ነዳጅ ያተርፋል። ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ ሞተር አስነሥቶ መጠበቅም መቅረት አለበት፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚቆሙ ከሆነ ማጥፋቱ ይሻላል፣ ባትሪውና ሞተር አስነሺው ደኅና እስከሆኑ ድረስ።

ሾፌሩን ከመጠየቅዎ በፊት ደግሞ መኪናዋን ያስመርምሩ። ጠዋት ወደ ጎሚስታ ልከው የአራቱንም ጎማ አየር በመለኪያ ያስለኩ፤ በበሩ አጠገብ ከተለጠፈው መጠን በታች ከሆነ ያለ ጥርጥር ነዳጅ ይበላል። ማታ ከሥራ ስትመለስ በየቸርኬው አጠገብ እጅዎን ሳያስነኩ ጠጋ ያድርጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም የሚግል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ማለት ነው፣ መኪናዋም ቀኑን ሙሉ ፍሬን ተይዞባት ስትጎተት ውላለች። የአየር ፊልትሮውን በአቧራማው የበጋ ወራት ቶሎ ቶሎ ማየት ይገባል። ከጣሪያው ላይ ያለው ፖርቶመጋላ ለከተማ ሥራ የማያስፈልግ ከሆነ ይውረድ።

ከዚያ በኋላ ይለኩ። ታንኩን አፉ ድረስ አስሞልተው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ይጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ በዚያው ማደያ እንደገና አስሞልተው የገባውን ሊትር በተሄደው ኪሎ ሜትር ያካፍሉ፣ በመቶም ያባዙት። የሚያገኙት ቁጥር በ100 ኪሎ ሜትር የሚጠፋው ሊትር ነው። ይህን ሾፌሩ በተገኘበት፣ ለአንድ ወር ያህል በየሳምንቱ ያድርጉት። በመካከሉም አንድ ቀን የሚያምኑት ሌላ ሾፌር በዚያው መስመር እንዲሠራ አድርገው የዚያን ቀን አጠፋፍ ለብቻው ያሰሉ። የአንድ ቀን ልኬት ታንኩ በሚሞላበት መጠን ሊዛባ ስለሚችል፣ በትንሽ ልዩነት ላይ ተመሥርተው ምንም አይናገሩ። ቁጥሩ በየሳምንቱ ተቀራራቢ ከሆነ ልጁ እውነቱን እየነገረዎት ነው። ልኬት ከተጀመረ ወዲህ አጠፋፉ ቀንሶ ካዩ ደግሞ፣ ስለ ድሮው ሳያነሡ ያንኑ ቁጥር የስምምነታችሁ መነሻ አድርገው፣ ከዚያ በታች ሲያወርደው የተረፈውን ገንዘብ ቢካፈሉት ለሁለታችሁም የሚበጅ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ አምባ ጊዮርጊስ ነው የምኖረው። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል መሣሪያ) ያለው አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ አለኝ፤ ጎንደር ስወርድ ይሻለዋል፣ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ጉልበትም ያጣል። በአነዳድ ማስተካከል ይቻላል? (አንባቢ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ)

መልስ፦ በከፊል ብቻ። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ ከተሠራ በጎንደር ከፍታ እንኳ የሚቀላቅለው ቤንዚን ከሚያስፈልገው በ10 በመቶ ገደማ ይበልጣል፣ እርስዎ ያሉበት ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ሽታው ያልተቃጠለው ትርፍ ነው። ካርቡራተር የሚያውቅ መካኒክ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ አነስ ባለ እንዲለውጥልዎና ሚኒሞውን በዚያው ከፍታ ላይ እንዲያስተካክል ያድርጉ፤ ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ ለብሰው ከሆነም ይጸዱ። ወደ መተማ ቆላ ለረጅም ጊዜ የሚወርዱ ከሆነ ግን ማስተካከያው ወደ ነበረበት መመለስ አለበት፤ አለበለዚያ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ ይግላል። ከአነዳድ በኩል፣ ጠዋት በብርዱ ያስነሡበትን የአየር መዝጊያ ሞተሩ እንደሞቀ ወዲያው መመለስዎን ያረጋግጡ፤ ለማሞቅ ቆሞ ከመጠበቅም በዝቅተኛ ዙር እየነዱ ማሞቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ ቪትዝ ነው የምነዳው። ማርሽ የምመርጠው እኔ ስላልሆንኩ ነዳጅ ለመቆጠብ የማደርገው ነገር አለ? ወደ ባሕር ዳር ስሄድስ ምን ያህል ብነዳ ይሻላል? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አውቶማቲኩም ቢሆን ማርሽ የሚመርጠው የእግርዎን አረጋገጥ ተከትሎ ነው። ፔዳሉን ሲጫኑት ዙሩን ከፍ ያደርጋል፤ የሚፈልጉት ፍጥነት ላይ ሲደርሱ እግርዎን ለቅጽበት ቀለል ቢያደርጉለት ወደ ከፍተኛው ማርሽ ቶሎ ያልፋል። ከመሪው ፊት «ኦዲ ኦፍ» የሚል መብራት የሚያበራ መኪና ያላቸው አንባቢያን፣ ያ መብራት በርቶ ሲነዱ ከፍተኛውን ማርሽ እንደዘጉት ይወቁ፤ መብራቱ ለቁልቁለትና ለረጅም ዳገት ካልሆነ በቀር መጥፋት አለበት። እርስዎም ቁልቁለት ላይ «ኤን» (ፎሌ) ውስጥ አያስገቡት፤ ሞተሩ መኪናውን እንዲገታ በሚያደርጉት በ«ኤል» ወይም በ«ቢ» ይውረዱ።

የባሕር ዳሩን በተመለከተ፣ ነፋሱ መኪናውን የሚገታበት ኃይል ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር በካሬ ያድጋል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ በ80 ከሚገጥምዎ ነፋስ ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ይገጥምዎታል። የጎንደር ሳሳ ያለ አየር ይህን በመጠኑ ያቀልለዋል፣ አያስቀረውም። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው መንገድ ላይ፣ ለእንደ እርስዎ ዓይነት መኪና ልዩነቱ እስከ 2 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ሁሉንም መንገድ ያለ ማቋረጥ ቢጓዙ በ100 የሚያተርፉት ጊዜ 27 ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን በማክሰኝት፣ በአዲስ ዘመን፣ በወረታና በሐሙሲት ከተሞች ውስጥ በግድ ስለሚቀንሱ፣ ከብትና ጋሪም መንገዱን ስለሚሻገሩ፣ በእውነት የሚያተርፉት ከዚያ በጣም ያነሰ ይሆናል። በ80 ይሂዱ፤ መስኮቱንም ዘግተው፣ ሙቀቱ ካስቸገረዎ ማቀዝቀዣውን በመጠኑ ይክፈቱ።